አሮጌው ጎማና የአስመራው ካምቢዮ

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ጣሊያን ለማኪና ማቆሚያ በሠራው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ብስክሌት የሚያበጅ የሻው ወልደኢየሱስ የሚባል ሰው ነበር። እጁን ሁሉም ያመሰግናል፤ አመሉን የሚችለው ግን የለም። አንድ ደንበኛ ሰንሰለቱ አልቆበት አዲስ ሰንሰለት ገዝቶ መጣ እንበል። የሻው ሰንሰለቱን ያገላብጣል፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበትን የብስክሌቱን ጥርስ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፣ ከዚያ ሰንሰለቱን መልሶ በሰውየው እጅ ላይ ያኖርለታል። ወይ ጥርሱንም ሰንሰለቱንም ባንድነት ታድሳለህ፣ ወይ ባሮጌው እስኪበጠስ ትነዳለህ ይለዋል። ግማሽ አዲስ ግማሽ አሮጌ እሱ ዘንድ አይገጠምም። ሰውየው ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ በማርያም ቢል ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

አንዳንዱ ጥጋብ ነው ይላል። አንዳንዱም ከዕቃ ሻጮቹ ጋር ተመሳጥሮ ነው ብሎ ያማዋል። ሰው ያላወቀውን ነገር ዝም ብሎ ማለፍ መቼ ይችላል! የሻው ድሮ እንዲህ አልነበረም። ድሮማ አሮጌን ከአዲስ በማስማማት በጎንደር ከተማ እሱን የሚስተካከለው አልተገኘም፤ ስሙ የተጠራውም፣ ዕድሜ ልኩን የተቃጠለውም በዚሁ ነው።

የተወለደው ቁስቋም ነው። አባቱ መምህር ወልደኢየሱስ የብሉይ ኪዳን መምህር ነበሩ፤ ከጎጃምም ከላስታም ተማሪ እየመጣ ከደጃቸው ጎጆ ይቀልስ ነበር። ልጃቸውም እንደ ሌላው ተማሪ ከእግራቸው ሥር ተቀምጦ ተማረ። ቤት ውስጥ እንኳ አባባ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም፤ እንደ ተማሪዎቹ የኔታ ነበር የሚላቸው። ትምህርቱ ይገባው ነበር። ንባቡን ተቀብሎ አንድም እያለ ትርጓሜውን ሲያወርደው የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡታል፤ የሳቸው ምስጋና ያ ነው፣ ሌላ አልነበራቸውም።

ከትምህርቱ ሁሉ የሻው የወደደው አባቱ ብሉይን ከሐዲስ ሲያስማሙ ነው። የተጣላ የሚመስል ቃል ያመጣሉ፤ ወዲህ ገልብጠው፣ ወዲያ ገልብጠው፣ በመጨረሻ ሁለቱን ጎን ለጎን ቁጭ ያደርጓቸዋል። ጌታ ኦሪትንና ነቢያትን ልፈጽም እንጂ ለመሻር አልመጣሁም ያለውን ሲተረጉሙ የሰማ ዕለት ልቡ ተነካ። በዓለም ላይ የሚጣል ነገር የለም ማለት ነው ብሎ አሰበ። ሸጋ አሳብ ነው፤ ላሰበው ልጅ ግን ትንሽ ፈጥኖበት ነበር።

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ፣ ቤፔ የሚሉት አንድ መካኒክ ወደ አገሩ ሳይሄድ ፒያሳ ቀረ። የሻው ያኔ ጎረምሳ ነው። ለፋኖስ ጋዝ እንዲገዛ ተልኮ ወደ ከተማ ሲወጣ፣ ቤፔ አንድ ብስክሌት ፈታትቶ ብረቱን ሁሉ በጨርቅ ላይ ዘርግቶ አየው። ቆሞ ቀረ። ቤፔ ያንን ሁሉ ብትን አንድ በአንድ እያነሣ መልሶ ገጠመው፤ ብስክሌቷም ሄደች። የኔታ ኦሪት ዘሌዋውያንን ሊጀምሩ ነው በተባለበት ሰሞን የሻው ከጉባኤው ጠፋ፤ ሲፈለግ ቤፔ ቤት እጁ በግራሶ ጠቁሮ ተገኘ።

የመምህሩ ልጅ ቀጥቃጭ ሆነ ተባለ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ሰፈር፣ ለካህን ቤት ከዚህ የከፋ ስድብ አልነበረም። የኔታ አልጮኹም፣ አልረገሙም። ብረቱን ከእጁ እስኪያወርድ ከደጄ አይድረስ አሉና ወደ ጉባኤያቸው ተመለሱ። እሱም አላወረደም። አባትና ልጅ በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ ቅዳሴ ሲወጡ እየተያዩ፣ ሳይነጋገሩ ዓመታት አለፉ። በመካከላቸው የምትመላለሰው ታናሽ እኅቱ እናኑ ብቻ ነበረች። ለአባቷ የሻው ደኅና ነው ትላለች፤ ለወንድሟ የኔታ ደኅና ናቸው ትላለች። ሁለቱም አልጠየቋትም ነበር፤ ሁለቱም ግን ሳትነግራቸው የዋለች ቀን ይከፋቸዋል።

ቤፔ ሲሞት ቆርቆሮ ቤቱ ለየሻው ቀረ። ዘመኑ ዕቃ የማይገኝበት ስለነበረ፣ ብስክሌት ማበጀት ማለት ከሞተው ፈትቶ ለታመመው መግጠም ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው የሻው የታየው። የማይገባውን በሞረድ እየሞረደ ያስገባል፤ የሰፋውን በቆርቆሮ ቁራጭ ያጠባል፤ በጠላት ዘመን ብረት ላይ አዲስ የመጣ ጥርስ ያስቀምጣል። ሥራው ሲሰምርለት ልፈጽም እንጂ ለመሻር አልመጣሁም ይላል እየሣቀ። አዲስ ወይን ባሮጌ አቁማዳ አይጨመርም የሚለውንስ ጠፍቶት ነው ትሉ ይሆናል። አልጠፋውም፤ ነገር ግን ስለ አቁማዳ የተነገረ እንጂ ስለ ብስክሌት የተነገረ አልመሰለውም።

እናኑ ያገባችው ክንዱን ነው። ክንዱ የወገራ ልጅ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰው የማያስቀይም ሰው ነበር። ከጎንደር አምባ ጊዮርጊስ የመንግሥት ደብዳቤ በብስክሌት ያመላልሳል። ብስክሌቲቱ ከጠላት የቀረች፣ ጥቁር፣ እንደ በሬ የከበደች ናት። የእጅ ፍሬን የላትም፤ የምትቆመው ፔዳሏን ወደ ኋላ ሲረግጧት ነው። ክንዱ ይህን የእግር ፍሬን እንደ ገዛ እግሩ ያምነው ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጎንደር ሲወጡ አምባ ጊዮርጊስ እስኪደርሱ ዳገት ነው፣ ሲመለሱ ደግሞ በገደል አፋፍ ቁልቁለት። ዳገቱን ባንድ ጥርስ መግፋት የጎበዝ ሥራ ነው። ክንዱም ጎበዝ ነበረ፤ በኋላ ግን ደረቱን ያመው ጀመር። ሲያስለው ይቆማል፣ ሲቆም ይዘገያል። አለቃው፣ ከእንግዲህ ከዘገየህ ደብዳቤው በአውቶቡስ ይሄዳል፣ አንተም ወደ እርሻህ ትሄዳለህ አለው። እርሻ ደግሞ አልነበረውም፤ ድርሻውን ለወንድሞቹ ትቶ ነው የመጣው።

ክንዱ ይህን ለየሻው አልነገረውም። ለዘመድ ችግርን መንገር መለመን ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ ይሉኝታ ልክ የለውም። የነገረችው እናኑ ናት። አያ፣ ዳገቱን የሚያቀልለት ነገር የለም ወይ ብላ መጣች። አበቡ የምትባል ሕፃን ልጇን አዝላ ነበር። የሻው እኅቱ ስትለምነው አይቷት አያውቅም ነበር።

አስመራ ላይ ካምቢዮ የሚባል ነገር እንዳለ ሰምቶ ነበር። ከኋለኛው ጎማ ላይ ትልቅና ትንሽ ጥርሶች ይደረደራሉ፤ ካምቢዮው ሰንሰለቱን ካንዱ ወዳንዱ ያሻግራል፤ ዳገት ሲመጣ ወደ ትልቁ ጥርስ ካሻገሩት እግር ይቀለዋል። ፋንታሁን ለሚባል ከአስመራ እህልና ጨው ለሚያመላልስ የጭነት ማኪና ነጂ ነገረው። ፋንታሁን በወሩ ሙሉ ዕቃውን ጭኖ መጣ፤ አዲስ የኋላ ጎማ ከነጥርሶቹ፣ ካምቢዮው፣ ለሱ የተሠራ ቀጭን ሰንሰለት፣ የእጅ ፍሬንም ከነሽቦው። ሲያስረክበውም የአስመራ ሻጮች ያዘዙትን መልእክት ነገረው፤ ይህ ሁሉ አብሮ ይገጠማል፣ ካልሆነ ሁሉም ይቀራል፣ አንዱን ካንዱ እንዳይለይ ብለውሃል አለው።

የሻው ሣቀ። አስመራዎች ዕቃ የተትረፈረፋቸው ናቸው፣ መጣል ይወዳሉ አለ። አዲሱን ጎማ በጣቱ መታ አደረገው፤ ቀላል ነው፣ ስስ ነው፣ ለወገራ ድንጋይ የተፈጠረ አይመስልም። የክንዱ አሮጌ ጎማ ግን እንከን አልነበረበትም። የእግር ፍሬኑም እንደ ጥንቱ ይይዛል። ክንዱ ራሱ፣ አያ የሻው፣ እግሬ የለመደውን ባትነካብኝ ሸጋ ነው ብሎታል። እንከን የሌለበትን ነገር አውልቆ መጣል በየሻው ደም ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ጥርሶቹን ብቻ ከአዲሱ ጎማ ፈታ፣ አዲሱን ጎማና የእጅ ፍሬኑን ግድግዳው ላይ ሰቀላቸው፣ ጥርሶቹን በሞረድ አስተካክሎ ባሮጌው ጎማ እምብርት ላይ ተከላቸው።

አንድ ነገር ግን አስቸገረው። የእግር ፍሬን የሚይዘው ሰንሰለቱ እንደ ጭነት ገመድ የተወጠረ ሲሆን ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት ሰንሰለቱ ጎማውን ጎትቶ ያቆመዋል። ካምቢዮ ደግሞ ሰንሰለቱን ካላላ አያሻግርም፤ የተረፈውን ሰንሰለት የሚሰበስበው ካምቢዮው ላይ ያለው ባለ ሞላ ክንድ ነው። እግር ወደ ኋላ ሲረግጥ ያ ክንድ ወደ ፊት ይወርዳል፣ ፍሬኑም አየር ይረግጣል። አንዱ ጥብቅ ይላል፣ አንዱ ላላ ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ግድግዳው ላይ የሰቀለውን ጎማ ያወርድ ነበር። የሻው ግን ደስ አለው። የተጣላ ቃል እንደቀረበላቸው እንደ የኔታ ተቀምጦ አሰበበት። ከዚያ ጣት የምታህል የብረት መንጠቆ ሠራ። እግር ወደ ኋላ ሲረግጥ መንጠቆዋ የካምቢዮውን ክንድ ቀልባ ትይዘዋለች፤ እሱ ሲያዝ ሰንሰለቱ ይወጠራል፤ ሰንሰለቱ ሲወጠር ፍሬኑ ይይዛል። ብስክሌቷን ይዞ ፒያሳን ደጋግሞ ዞረባት። ወደ ኋላ በረገጠ ቁጥር ብስክሌቷ ትቆማለች። ጥርሱም ይሻገራል፣ ፍሬኑም ይይዛል፣ አሮጌውም ከአዲሱ ጋር ይኖራል።

ዕድሜውን ሁሉ ያን ቀን የመሰለ ደስታ አልገጠመውም።

ክንዱ አምባ ጊዮርጊስ በጊዜ መድረስ ጀመረ። ሳሉም ቀለለው። ለሥራው ዋጋ ቢያቀርብ የሻው ተቆጣው፤ ከእኅቴ ባል ልቀበል ወይ ብሎ መለሰው። ክንዱም በሌላው መክፈል ሲያቅተው በአፉ ከፈለ። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ፣ ኮሶዬ ጠላ ቤት፣ ቁስቋም ደጀ ሰላም፣ በሄደበት ሁሉ የየሻውን እጅ አወደሰ። ወሬው ከየኔታ ጆሮ ደረሰ። እናኑ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ክንዱ ደረቱ ተሻለው አሉ እንዴ ብለው ጠየቁ። ተሽሎታል አለች። እጁ ይባረክ አሉ። የማን እጅ እንደሆነ አልተናገሩም፤ እሷ ግን ከቁስቋም ፒያሳ በሩጫ ወጥታ ለወንድሟ ነገረችው። የሻው ፊቱን ወደ ሞርሳው አዞረ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ መታየት ስላልፈለገ ነው።

ለፋሲካ ከየኔታ ማዕድ እንዲቀርብ ተባለ። የተባለው በእናኑ በኩል ነው፤ ቢሆንም ተባለ።

በዚያ ዐቢይ ጾም ውስጥ ክንዱ አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጣ። ብስክሌቷን አስደግፎ ተቀመጠ። ፔዳሏን በእጁ ወደ ኋላ አዞራት፣ ለቀቃት፣ ደግሞ አዞራት። የሻው ምነው ክንዱ፣ ነገር አለ ወይ አለው። ምንም፣ ሸጋ ናት፣ እግዜር ይስጥህ አለና ትንሽ ተጫውቶ ሄደ። የሻው የሰውየውን ፊት አይቶት ነበር። የሆነ ነገር እንዳለ ልቡ ነግሮት ነበር። ግን ስለ ፋሲካው ማዕድ፣ የኔታ ፊት ምን ለብሶ እንደሚቀርብ እያሰበ ነበርና ልቡን አልሰማውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ።

ክንዱ የሞተው ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ነው። ከአምባ ጊዮርጊስ ሲመለስ፣ ከኮሶዬ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ላይ ገደል ገባ። ከመንገዱ ዳር እንጨት ይለቅሙ የነበሩ ሴቶች አይተውታል። ሲመጣ ሁለት እግሩን ፔዳሉ ላይ ተክሎ፣ ወገቡን አንሥቶ፣ ወደ ኋላ እየገፋ ነበር አሉ። ቆሞ የሚወርድ መሰለን አሉ። አልጮኸም።

ወሬው ጎንደር ሲደርስ የሻው በፋንታሁን ማኪና ሄደ። ሬሳውን ሰዎች አውጥተው በጋቢ ሸፍነውታል፤ የደብዳቤው ቦርሳ እንደ ታነገተ ነው። የሻው ተንበርክኮ አለቀሰ፣ ከዚያ ተነሥቶ ብስክሌቷ ወደ ወደቀችበት ወረደ። ሰንሰለቱ ከጥርሱ ወጥቷል። የካምቢዮው ክንድ ወደ ፊት ተገልብጦ ከጎማው ሽቦ ጋር ተጠላልፏል። መንጠቆዋ ተዘርግታ ቀጥ ብላለች። ፒያሳ ሜዳ ላይ ሲሞክራት የአንድ ሰው እግር ብቻ ነበር የምትችለው፤ እዚህ የሰውየውም፣ የከባዷ ብረትም፣ የቁልቁለቱም ጉልበት ባንድነት ተጫነባት። ቀን በቀን እየተጎተተች፣ ጥቂት በጥቂት ስትከፈት እንደ ሰነበተች ብረቱ ራሱ ይናገራል። የሻው ዙሪያውን አየ። ማንም አያየውም። መንጠቆዋን ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

ሲወጣ ሰዎቹ የገደሉን ክፋት ይነጋገራሉ። እዚህ ቦታ ጋኔን አለ፣ በጠላት ጊዜም ማኪና በልቷል ይላል አንዱ። አዎ አለ የሻው። ያቺ አዎ ከመንጠቆዋ ይበልጥ አንገሸገሸችው።

ክንዱ ቁስቋም ተቀበረ። እናኑ እንዴት እንዳለቀሰች አልናገርም፤ ባሏን የምትወድ ሴት ነበረች፣ ይበቃል። ከቀብሩ በኋላ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ዳገቱን ወጥተው ፒያሳ መጡ። የልጃቸውን ሱቅ ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ደጃፉ ላይ ቆሙ። የሻው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ሳመ። በብረቱ መካከል የሚቀመጡበት ፈልጎ አጣና በርጩማውን ጠርጎ ሰጣቸው።

"የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ ልጄ" አሉ።

"የእግዚአብሔር አይደለም፣ የኔታ። የኔ ነው።"

መንጠቆዋን አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። ሁሉንም ነገራቸው፤ አስመራዎች ያሉትንም፣ እሱ የሣቀውንም። የኔታ እንደ ድሮው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙት። ሲጨርስ ዐይናቸውን ገልጠው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አዲስ ጎማ አዩ።

"ሁሉም ተሟልቶ መጥቶልህ ነበር ማለት ነው" አሉ። "አሮጌውን ምነው አልጣልኸውም?"

"ልፈጽም እንጂ ለመሻር አልመጣሁም ብለው አስተምረውኝ ነው።"

የኔታ መንጠቆዋን መዳፋቸው ላይ ገለበጧት። ሲናገሩ ድምፃቸው የጉባኤው ድምፅ አልነበረም።

"የበጉ መሥዋዕት ተሽሯል፣ የሻው። ዛሬ ለኃጢአታችን በግ አርደን ደም አንረጭም። በአዲሱ የሚፈጸም አለ፣ አዲሱ ሲመጣ የሚቀርም አለ፤ ትምህርቱ መለየቱ ነው። ዘሌዋውያን ላይ የማስተምረው እሱን ነበር። አንተ ሳትደርስበት ሄድህ።" መቋሚያቸውን ካንድ እጅ ወዳንድ እጅ አዛወሩ። "እኔም ና ብዬ አልመለስሁህም።"

የሻው ለእናኑ ልንገራት ወይ ብሎ ጠየቃቸው። ለመናገር ተዘጋጅቶ ነበር፤ እንዲያውም እንዲያዙት ነበር የፈለገው። የኔታ መንጠቆዋን መለሱለት።

"ሆድህ ይፍጀው" አሉት። "ባል አጥታለች፣ ወንድም አትጣ።"

የሻው እኅቱንና አበቡን ወደ ቤቱ አመጣ። ሚስት አላገባም። አበቡን እንደ ልጁ አሳደገ፣ አስተማረ፣ በወግ ዳረ። ሱቁ ውስጥ ግማሽ አዲስ ግማሽ አሮጌ መግጠም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ቀረ፤ ጎማውም ግድግዳው ላይ እንደ ተሰቀለ ቀረ። ስንቱ ልግዛህ አለው፣ አልሸጠውም።

ሥራው ቀላሉ ነበር። ከባዱ የእናኑ ምስጋና ነው። ምሳውን ስታቀርብ ታመሰግነዋለች፣ ልብሷን ሲገዛላት ታመሰግነዋለች፣ ለጎረቤት ስታወራ አያ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር ትላለች። ከሁሉ የከፋው ደግሞ፣ አያ ያቺን ብስክሌት ባያበጅለት ክንዱዬ ያቺን ጥቂት ጊዜ እንኳ ባልሠራ ነበር የምትለው ነው። የሻው ይህን ሲሰማ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ ሊናገር አፉን ይከፍታል፤ የአባቱ ቃል ይይዘዋል። ዝም ማለቱን ለእሷ እንደሚከፍለው ካሣ ቆጠረው። እኔ ልቃጠል፣ እሷ ግን ሰላሟን ታግኝ ይላል በልቡ።

ሰላም ነበራት ወይ? የሻው ይመስለው ነበር። እናኑ ሰው ከሚጾመው በላይ ትጾማለች፤ ሊያገቧት የጠየቁ ደኅና ደኅና ሰዎችን መልሳለች፤ የወንድሟን እግር ካላጠብሁ ብላ ታስቸግራለች። ሰዉ የመምህሩ ልጅ አይደለችም ወይ፣ ጽድቅ በደሟ ነው ይላል። የሻውም እንደ ሰዉ ያስብ ነበር። የሰው ብስክሌት ሲያልፍ በድምፁ ብቻ ሕመሙን የሚያውቅ ሰው፣ አብራው የምትኖረዋን እኅቱን አላያትም።

የኔታ በጣም አርጅተው ሞቱ። ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ፣ የተበደሩትን ድንኳንና ዕቃ ለየባለቤቱ መልሰው፣ ወንድምና እኅት ቤቱ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። የሻው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። እናኑ ውሃ አሙቃ እግሩን ልታጥብ ጎንበስ አለች። ጫማውን አወለቀችና ውሃውን ሳታፈስስ ቆየች።

"አያ፣ የኔታ አልፈዋል" አለች። "ያሰሩኝ ቃልም አብሯቸው ሄዷል መሰለኝ። ልንገርህ። ክንዱን የገደልሁት እኔ ነኝ።"

የሻው አልገባውም።

"ሊሞት ሰሞን እንዲህ እግሩን ሳጥበው ቁርጭምጭሚቱ አብጦ አየሁት። ምነው ስለው፣ ፍሬኑ አንዳንዴ አይይዝልኝም፣ ደጋግሜ መርገጥ ይኖርብኛል አለኝ። ለአያ ንገረው አልሁት። ልነግረው ሄጄ አፌ አልታዘዝ አለኝ አለ። እንዲያ ደክሞልኝ፣ የኔታም ገና እጁን መርቀውት፣ ሥራህ ተበላሸ ብዬ እንዴት እነግረዋለሁ፣ ፋሲካ ይለፍ፣ አንቺም እንዳትነግሪው አለኝ። እኔም ይሉኝታ ያዘኝ። ከየኔታ ጋር ልትታረቁ ነው፣ እኔ ነገር አላበላሽም ብዬ ዋጥሁት። አንተ ብታውቀው ኖሮ ባንድ ቀን ታበጀው ነበር። ለየኔታ ነግሬያቸው ነበር። ሆድሽ ይፍጀው፣ ባል አጥተሻል፣ ወንድም አትጪ አሉኝ።"

የሻው የአባቱን ቃል አወቀው። ቃል በቃል ያው ነበር። ሽማግሌው ሁለቱንም ሰምተው፣ ሁለቱንም አስረው፣ አንዱ የሌላውን እንዳያውቅ አድርገው፣ ከሁለቱ ጋር በአንድ ማዕድ እየቀረቡ እስከ መቃብር ኖረዋል። እሱ ዝም ሲል እያሳረፋት የመሰለው እኅቱ፣ በዝምታው ምክንያት ጥፋቱን ብቻዋን ተሸክማ አርጅታለች። ምስጋናዋም ምስጋና አልነበረም፤ ዕዳ ስትከፍል ኖራለች።

ተነሣ። ባዶ እግሩን ሄዶ ከሣጥኑ ግርጌ በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጣ። ጨርቁን ፈታ። ስለ አስመራው ጎማ፣ ስለ ሣቁ፣ ገደሉ ሥር ስለ ሠራው ሁሉ ነገራት። እናኑ መንጠቆዋን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋቻት።

"ይቺ ናት?" አለች።

"ይቺ ናት።"

ትንሽነቷ የገረማት ትመስላለች። በጣቶቿ ልታጎብጣት ሞከረች፤ ብረት ነው፣ እንቢ አላት።

"የኔታ ያውቁ ነበር" አለች። "የሁለታችንንም።"

"ያውቁ ነበር።"

"እንዲህ አስረውን ሄደው፣ እሳቸውን ማን ይፍታቸው?"

እናኑ መንጠቆዋን አልጋው ላይ አስቀምጣ፣ ጎንበስ አለችና የቀዘቀዘውን ውሃ አንሥታ ወደ ደጅ ደፋችው። እግሩን አላጠበችውም። ከዚያም ቀን በኋላ አላጠበችውም።

አንድ ቤት ውስጥ መኖራቸውን ግን አልተዉም፤ ሁለቱም ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። አልተጣሉም፣ ክፉ ቃልም አልተነጋገሩም። በበነጋው የሻው ሱቁን ከፈተ፤ አንድ አስተማሪ ያረጀ ብስክሌትና አዲስ ሰንሰለት ይዞ መጣና እንደ ወጉ ተመለሰ። እናኑም ምሳ አቀረበች፣ ከበላም በኋላ ሳታመሰግን ሳህኑን አነሣች። የሻው ያንን ምስጋና ዓመታት ሙሉ ሲፈራው ኖሮ ነበር፤ ሲቀርበት ግን ቤቱ ጭር አለበት።